ቤት የእግዚአብሔር ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአገራችን ባላገር ዘንድ ከጥንት የቆየ አንድ ሥርዓት አለ። መንገደኛ መሽቶበት ከማያውቀው ሰው ደጅ ሲደርስ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ብሎ ድምፁን ያሰማል። ባለቤቱም ማን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ብሎ ይመልሳል። ይህች አጭር መልስ ስለ ቤት ሙሉ ትምህርት ናት። ምሰሶውን ያቆመው፣ ግድግዳውን የመረገው፣ ጣራውን የከደነው ሰውየው ራሱ ሲሆን፣ ባለቤትነቱን ለፈጣሪው መልሶ እርሱ ባለ አደራ ሆኖ ይቆማል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ነገር ይህ መልስ ዛሬ በምናድሳቸው ቤቶች ውስጥ እውነት ሆኖ መኖር አለመኖሩን ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን የቤትን ውስጥ አፍርሶ እንደ ገና ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። የዚህ ሙያ ሰዎች የሚናገሩት አንድ መልካም አሳብ አለ፤ ይኸውም የቤት ውስጥ አሠራር የባለቤቱን ሕይወትና የአካባቢውን መልክ መግለጽ ይገባዋል የሚል ነው። እኛም ይህን አሳብ አንነቅፈውም። ነገር ግን ክርስቲያን የሆነ ሰው አሳቡን ሲቀበል ሁለት ጥያቄዎችን አብሮ መቀበል አለበት። ሕይወታችን ምንድር ነው? አካባቢያችንስ ማን ነው? ሕግ ዐዋቂው ጌታችንን ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ በጠየቀው ጊዜ፣ መልሱ ካሰበው በላይ ሰፍቶ በመንገድ ዳር ቆስሎ ወደ ወደቀው ሰው እንደ ወሰደው እናውቃለን። ስለ ቤታችንም የምንጠይቀው ጥያቄ ከግድግዳችን ውጭ ሳያወጣን አይቀርም።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘውን የኮልፌ ቀራንዮን ክፍለ ከተማ እንውሰድ። ይህ ክፍለ ከተማ ከፊል ስሙን ያገኘው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ በዚያ የሚኖር ሰው ቤቱ የት እንደ ሆነ ሲጠየቅ፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ ጌታችን የተሰቀለበትን የዚያን ስፍራ ስም ይጠራል። ከዚህ የሚበልጥ አድራሻ ለክርስቲያን ቤት ከወዴት ይገኛል?

በዚህ ሰፈር፣ እንደ ሌላውም አዲስ አበባ፣ አሮጌው ቤት በባሕር ዛፍ እንጨት ተዋቅሮ፣ በጭቃና በጭድ ተመርጎ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ነበር፤ ዛሬም የቀሩ አሉ። ወደ ውስጡ የገባ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ከግድግዳው ጋራ የተሠራውን መደብ ነው፤ ይህም ለመጣው ሁሉ መቀመጫ ነው። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። በግድግዳው ላይ የጌታችንና የእመቤታችን ሥዕል፣ ከዚያም ዝቅ ብሎ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። መሶቡ ከጥግ፣ ረከቦቱ በፊት ለፊት፣ አልጋው ከመጋረጃ በስተኋላ፣ እህሉና ማጀቱ በጓዳ ይሆናል። ድህነቱን ልናስጌጠው አንፈልግም፤ ጣራው ያፈስ ነበር፣ ጭሱ ዓይን ያጠፋ ነበር፣ ግድግዳውም የትኋን ማደሪያ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የቆመበት ምክንያት አለው። ሥዕሉ ለጸሎት፣ መደቡ ለእንግዳ፣ ረከቦቱ ለጎረቤት፣ መሶቡ ለሁሉም ነው። ቤቱ ድሀ ቢሆንም ስለ ባለቤቱ ሐሰት አይናገርም ነበር።

ይህ የአንድ ሰፈር ወይም የአንድ ሕዝብ ብቻ ጠባይ አይደለም። የዶርዜ ሕዝብ በሽመና የታወቀ እንደ መሆኑ መጠን ቤቱንም ከቀርከሃ እንደ ሸማ ይሸምነዋል። በሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ነደባ የሚባሉ አምስት መቀመጫዎች አሉት፤ ሽማግሌውም፣ እንግዳውም፣ ቤተሰቡም እንደየማዕርጉ ስፍራው የታወቀ ነው፤ በግድግዳውም የቤቱ ሴቶች የሰፏቸው ስፌቶች ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ ሰዎች ሕይወታቸውንና አካባቢያቸውን በቤታቸው እንዲገልጹ ማንም አልመከራቸውም። ኑሯቸው ራሱ ቤታቸውን ሠራው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት መሠራት ከጀመሩ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ። በኮልፌ ቀራንዮም ሚኪሊላንድን የመሰሉ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ተሠርተዋል። ዕጣ የደረሰው ሰው ብዙ ጊዜ የሚረከበው ግድግዳና ጣራ ያለው፣ ወለሉን ማልበስና ቀለም መቀባት ግን ለእርሱ የተተወለትን ቤት ነው። ስቱዲዮ የሚባለው ከ20 ካሬ ሜትር ብዙም የማይርቅ አንድ ክፍል ነው። ከመደብና ከጓዳ የወጣ ቤተሰብ እንግዲህ በባዶ ግድግዳ መካከል ቆሞ «እንዴት ልኑር?» ብሎ ለመጠየቅ ተገደደ። ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ መልሱን የፈለግነው ከራሳችን ኑሮ ሳይሆን ከቴሌቪዥን መስኮትና ከባለጸጋ ሳሎን ነው። ስለዚህ ነገሩን በአራት ክፍል አድርገን እንመልከተው።

፩ኛ፤ ቤትን ማሳመር በራሱ ኃጢአት አይደለም።

አንዳንድ መንፈሳውያን ሰዎች ጌጥን ሁሉ ትዕቢት አድርገው ይቆጥሩታል። ይህ ግን የመጻሕፍት ትምህርት አይደለም። እግዚአብሔር ባስልኤልን በጥበብ መንፈስ የሞላው በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በዕንቍና በእንጨት ሥራ እንዲጠበብ ነው። እጅን ለውበት የሚያሠለጥን መንፈስ ከእግዚአብሔር ከሆነ፣ ውበት በቤታችን ሲገባ አናፍርበትም።

ይልቁንም በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ የተነገረላትን የሱነም ሴት እንመልከታት። ይህች ሴት ነቢዩ ኤልሳዕ በደጅዋ ሲያልፍ ሲያገድም ታየው ነበር። የእግዚአብሔር ሰው መሆኑንም በተረዳች ጊዜ ባልዋን አማከረችና በቤቷ ላይ አንዲት ትንሽ ሰገነት ሠርታ፣ በውስጧም አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበርና መቅረዝ አኖረችለት። ስለ ቤት ውስጥ አሰናዳድ ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ አናውቅም። አስቀድማ በመንገድዋ ማን እንደሚያልፍ አስተዋለች። ቀጥሎም ያ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አሰበች፤ የደከመው ይተኛል፣ የተራበው ይበላል፣ የሚያነበው ይቀመጣል፣ ሌሊት የሚጸልየው ብርሃን ይሻል። ከአራቱ ዕቃ አንዱ እንኳ ለመታየት የተቀመጠ አልነበረም። የሱነም ሴት ቤቷን ያደሰችው ሕይወቷንና አካባቢዋን መርምራ ነው፤ አካባቢዋ ያለችውም የሚያልፈውን ሰው ነው።

፪ኛ፤ ጌጥ እውነትን እንዳያጠፋ መጠንቀቅ ይገባል።

ነቢዩ ኤርምያስ ንጉሡን ኢዮአቄምን የገሠጸበት ቃል ሰፊ ሰገነት ለሠራ፣ መስኮት ላወጣ፣ በዝግባ ለለበደና በቀይ ቀለም ለቀባ ሰው የተነገረ ነው። ነቢዩ የነቀፈው ዝግባውን አይደለም፤ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ማሠራቱን ነው። ከዚያም አያይዞ በዝግባ መፎካከር ንጉሥ ያደርግሃልን? ሲል ይጠይቀዋል፤ አባቱ ኢዮስያስም ፍርድንና ጽድቅን አድርጎ በደኅና እንደ ኖረ ያሳስበዋል።

ይህ ተግሣጽ ወደ እኛም ይደርሳል። ጂፕሰሙን የሰቀለው፣ ሴራሚኩን የነጠፈው፣ ቀለሙን የቀባው፣ አሸዋውን ተሸክሞ እስከ አራተኛው ፎቅ ያወጣው የቀን ሠራተኛ ደመወዙ ሳይጎድል በቀኑ ተከፍሎታልን? ሥራው ካለቀ በኋላ ሰበብ እየፈለጉ የአናጢን ዋጋ የሚቆርጡ ሰዎች ግድግዳቸው ቢያበራም፣ ያ ግድግዳ በእግዚአብሔር ፊት ይከሳቸዋል።

ሁለተኛው የእውነት ፈተና ባለቤቱ ለራሱ የሚናገረው ሐሰት ነው። የልጆቹን የትምህርት ገንዘብ አውጥቶ፣ ወይም ለብዙ ዓመት በማይከፈል ዕዳ ገብቶ፣ ትልቅ ሶፋና ቡፌ ያስገባ ሰው አለ። ሶፋው ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ስለሚሞላ ሰው በጎን ተሸጋግሮ ያልፋል፤ ልብሱ እንዳይቆሽሽም ተሸፍኖ ልጆች እንዳይቀመጡበት ይከለከላሉ። ቡፌውም የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች ማሳያ ይሆናል። ይህ ቤት የባለቤቱን ሕይወት ይገልጻልን? አይገልጽም። የሚገልጸው ባለቤቱ ሊታይ የሚመኘውን ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱም በገዛ ቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ይኖራል።

፫ኛ፤ ያማረ ቤት ለሰው ስፍራ ሊኖረው ይገባል።

በእድሳት ጊዜ ቤተሰብን የሚያሳዝን አንድ ነገር ይደርሳል። አሮጊት እናት ከአሮጌው ሰፈር ወይም ከገጠር ወደ ልጇ አዲስ ቤት ትመጣለች። የጠፍር አልጋዋ፣ የእንጨት ሣጥኗ፣ ለዓመታት ስትቀመጥበት የኖረችው በርጩማ «ከቤቱ ጋራ አይሄድም» ተብሎ ይወጣል። ልጅየው ክፋት አላሰበም፤ ለእናቱ አዲስ አልጋ ገዝቶላታል፣ ንጹሕ ክፍልም ሰጥቷታል። እርሷ ግን ዕቃዋ ሲወጣ ካየች ጊዜ ጀምሮ ቀጥላ የምትወጣው እርሷ እንደ ሆነች አድርጋ በልቧ ትቆጥራለች፤ ስኒ ስታነሣ እንኳ እንዳትሰብር ትፈራለች። አባትህንና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ በወር ገንዘብ በመስጠት ብቻ አይፈጸምም። እናት በቤታችን ውስጥ የራሷ የሆነ፣ ማንም የማያነሣባት አንድ ጥግ እንዲኖራት ማድረግም ማክበር ነው። አንዲት አሮጌ በርጩማ ከአዲስ ሶፋ አጠገብ ብትቀመጥ ቤቱን አታስነቅፈውም፤ ይህ ቤት ሥር እንዳለው ትመሰክራለች እንጂ።

ሌላው የስፍራ ጥያቄ ማኅበር ነው። በየወሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው የጽዋ ማኅበር የአገራችን ምእመናን ሃይማኖታቸውን ጠብቀው ካቆዩበት መንገድ አንዱ ነው። ዛሬ ግን «ቤቴ ጠባብ ነው፣ ወለሉም ይበላሻል» እያሉ ተራቸውን የሚያሳልፉ አባላት አሉ። አንዳንዶችም በተቃራኒው ቤታቸው ስላልታደሰ አፍረው ከማኅበር ይቀራሉ፤ ከዚህም ብሰው የንስሐ አባታቸው እንዳይመጡባቸው የሚሸሹ አሉ። ያማረ ቤት ያለውም ያላማረ ቤት ያለውም በአንድ በሽታ ተይዘዋል፤ ሁለቱም ቤቱ የራሳቸው ብቻ መስሏቸዋልና። በዚህ ነገር እኛ ካህናት ድርሻ አለን። ጠበል ለመርጨት ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ ስንገባ ዓይናችን በመጀመሪያ በኮርኒሱና በሶፋው ላይ ካረፈ፣ ምስጋናችንም ለባለጸጋው ሳሎን ከበዛ፣ ድሀው እንዲያፍር ያስተማርነው እኛ ነን።

፬ኛ፤ አካባቢያችን ጎረቤታችን ነው።

በኦሪት ዘዳግም ስለ ቤት አሠራር የተሰጠው ሕግ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዛል፤ ምክንያቱም ሰው ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። እንግዲህ ሕጉ የተመለከተው የሌላውን ሰው ሕይወት ነው። በጋራ መኖሪያ ቤት ይህ ሕግ ከቀድሞው ይልቅ ይሠራል። ሳሎን ለማስፋት ግድግዳ የሚያፈርስ ሰው ያ ግድግዳ በላይ ያለውን ጎረቤት የተሸከመ መሆን አለመሆኑን ባለሙያ ሳይጠይቅ መዶሻ ማንሣት አይገባውም። መታጠቢያ ቤቱን አሳምሮ ውኃው ወደ ታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ እንዲንጠባጠብ የተወ ሰው ውበትን በሌላው ጉዳት ገዝቷል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ምሳሌ፣ ጎረቤት በግድግዳ ብቻ ሳይሆን በጣራና በወለልም በሚገናኝበት ቤት ውስጥ ምንኛ ከበደ!

ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንመለስና ከዚህም አንድ እርምጃ እንራመድ። ቤታችንን ስናድስ የምናወጣው አሮጌ ዕቃና ፍርስራሽ ወዴት ይሄዳል? ከ50 ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረው ረጲ፣ በተለምዶ ቆሼ የሚባለው ስፍራ በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ በተሠሩ ደካማ ቤቶች ይኖሩ በነበሩ ሰዎች ላይ ወደቀ፤ ከ110 የሚበልጡ ሰዎችም ሞቱ። ከዚያ ይኖሩ ከነበሩት ብዙዎቹ እኛ ከጣልነው መካከል የሚጠቅመውን እየለዩ፣ እየሸጡ የሚተዳደሩ ነበሩ። ያ ተራራ በአንድ ሌሊት አልተሠራም፤ ከሁላችን ቤት በጥቂት በጥቂቱ ወጥቶ የተከመረ ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ «አርጅቷል» ብለን ከማውጣታችን በፊት መጠገን ይቻል እንደ ሆነ፣ ወይም ለሚያስፈልገው ሰው በክብር መስጠት ይቻል እንደ ሆነ መጠየቅ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። አካባቢያችንን በቤታችን እንገልጻለን ካልን፣ አካባቢያችን ተራራውና አበባው ብቻ አይደለም፤ ቆሼም አካባቢያችን ነው።

ከዚያው ብዙ ሳይርቅ በዘነበ ወርቅ የሚገኘው የአለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. በዚህ ስም ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ትምህርት የተቋቋመ ነው። በዚያ ሰፈር በደዌው ምክንያት ከዘመድና ከአገር የተለዩ ሰዎች ተሰብስበው ኖሩ፤ ከእነርሱም መካከል በእጃቸው የጠለፉትን የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስና የግድግዳ ጌጥ እየሸጡ ራሳቸውን የረዱ ነበሩ። ሰው ሊነካው የፈራው እጅ የሰውን ሳሎን አስጌጠ። ከሩቅ አገር በመርከብ ከመጣው ጌጥና ከእንዲህ ያለው ጥልፍ የትኛው አካባቢያችንን ይገልጻል? አልዓዛር በባለጸጋው ደጅ ተኝቶ ሳለ ባለጸጋው ሐምራዊ ልብስ መልበሱ ብቻ አልኰነነውም፤ ደጁ ላይ ያለውን አለማየቱ እንጂ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበሩ በደጅ በብርድ ሲራቆት ማለፍ ክብር እንዳልሆነ አስተምሯል። ስለ እግዚአብሔር መቅደስ እንዲህ ከተባለ፣ ስለ እኛ ሳሎንማ ምን ይባል!

ምናልባት እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እኔ ያለችኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ይህ ሁሉ ትምህርት ለሰፊ ቤት ነው» ይል ይሆናል። መልሳችን አጭር ነው። የሱነም ሴት የሠራችውም ክፍል ትንሽ ነበረች። በ20 ካሬ ሜትር ውስጥ በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ የሥዕለ አድኅኖ ስፍራ መለየት ይቻላል፤ ያን ስፍራ ቴሌቪዥን እንዳይወስደው ብቻ መጠንቀቅ ነው። አንድ ትልቅ ሶፋ በሚገዛበት ዋጋ ታጥፈው የሚቀመጡ ወንበሮች ወይም በመንገድ ዳር የሚሸጡትን የቀርከሃ መቀመጫዎች መግዛት ይቻላል፤ ማኅበሩም ይቀመጥባቸዋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የሸመነው መጋረጃ ክፍሉን ለሁለት ይከፍላል፤ እናትም ልጅም መጠለያ ያገኛሉ። መሶቡ ለጌጥ ከሚሰቀል ቢበላበት ይሻላል። በጋራ መኖሪያ ቤቶቹ ግቢ ለድግስና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠሩትም የጋራ ቤቶች ጎረቤቶች ተስማምተው በንጽሕና ቢይዟቸው፣ ጠባብ ቤት ያለው ሰው ዝክሩን ሳያቋርጥ ይዘክርባቸዋል። ስፍራን የሚያጠብበው ብዙ ጊዜ የክፍሉ ልክ ሳይሆን የልብ ልክ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እንሰብስበው። በወንጌል ስለ ሁለት የተሰናዱ ቤቶች እናነባለን። አንደኛው ጌታችን በምሳሌ የተናገረለት፣ ተጠርጎና አጊጦ ሳለ ባዶ ሆኖ የተገኘው ቤት ነው፤ በባዶነቱም ከፊተኛው የባሱ ሰባት ክፉዎች አጋንንት ገቡበት። ሁለተኛው በኢየሩሳሌም የነበረው፣ በደርብ ላይ የተነጠፈውና የተሰናዳው ታላቅ አዳራሽ ነው። ስሙ ያልተጻፈ አንድ ባለቤት «መምህር ለደቀ መዛሙርቱ ስፍራ ይፈልጋል» በተባለ ጊዜ ከፈተላቸው፤ ምሥጢረ ቁርባንም በዚያ ተሠራ። ሁለቱም ቤቶች ያማሩ ነበሩ። የለያቸው የጌጡ ማነስና መብዛት አይደለም፤ አንደኛው ማንም የሌለበት ሲሆን ሁለተኛው ስፍራ ለሚፈልገው የተከፈተ ነበር።

ያን አዳራሽ በውሰት የተቀበለው ጌታ ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ ሳይኖረው ኖሮ በማግሥቱ ቀራንዮ ላይ ራቁቱን ተሰቀለ። በዚያ ስፍራ ስም በሚጠራ ሰፈር የሚኖር ሁሉ፣ በሌላም ስፍራ በመስቀሉ ጥላ የሚኖር ክርስቲያን ሁሉ፣ ቤቱን ሲያድስ ቀለሙንና ወለሉን ከመምረጡ በፊት ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ዛሬ ማታ በደጄ ድምፁን የሚያሰማ ቢኖር፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብዬ ሳላፍርና ሳልዋሽ እመልስለታለሁን?

ቸሩ አምላካችን ቤታችንን በረድኤቱ ይጎብኝልን፤ ለሚመጣው ሁሉ የሚከፈት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።